የሴቶች ጡረታ ያነሰው ስላልሠሩ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የሴቶችንና የወንዶችን የጡረታ ልዩነት የሚመለከት አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የጡረታ ሕግ ጾታ አያይም፤ ያዋጣ ያገኛል፣ ያላዋጣ አያገኝም። የሴቶች አበል ካነሰ ያነሰው በገዛ ምርጫቸው ከሥራ ስለሚወጡ ነው። ዕድሜያቸው ስለሚረዝም ደግሞ ጠቅላላ ድምሩ ሲታይ ተጠቃሚዎቹ እነሱ ናቸው። ባል ያላት በባሏ፣ ባሏ የሞተባት በተተኪ አበል ትኖራለች። የቀረውን ጊዜ ያስተካክለዋል፣ ያለፈውን ለማረም መሞከር ግን የጡረታ ፈንዱን ያራቁታል። ጸሐፊው በጨዋ ቋንቋ ጽፈዋል፤ ክርክራቸውንም በቅደም ተከተል አስቀምጠዋል። እኔም ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ፤ ምክንያቱም ይህ አስተሳሰብ የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የጡረታ ሕግ በሚረቀቅባቸው ስብሰባዎች ሁሉ የሚሰማ ነው፣ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሴቶች ናቸው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ቀመሩ ጾታ አይጠይቅም ማለታቸው እውነት ነው። በብዙ አገሮች አበል የሚሰላው በአገልግሎት ዘመን፣ በደመወዝ መጠንና ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት በሚታሰብ መቶኛ ነው። እስቲ እናስላው። በየዓመቱ 2 በመቶ በሚታሰብበት ዐቅድ ውስጥ 35 ዓመት ሳያቋርጥ የሠራ ሰው የደመወዙን 70 በመቶ ይዞ ይወጣል። ልጆች ለማሳደግና የታመመች እናቷን ለማስታመም 12 ዓመት ያቋረጠች ባልደረባው 46 በመቶ ይደርሳታል። ጉዳቱ እዚያ ላይ አይቆምም። ወደ ሥራ ስትመለስ የደረጃ ዕድገቱ አልፏታልና፣ 46 በመቶው የሚታሰበው ከአነስተኛ ደመወዝ ላይ ነው። የእሱ ደመወዝ 10,000፣ የእሷ 7,000 ቢሆን፣ እሱ 7,000 አበል ሲያገኝ እሷ 3,220 ታገኛለች። የ30 በመቶ የደመወዝ ልዩነት ጡረታ ላይ ሲደርስ 54 በመቶ ሆነ። በዚህ ላይ ዝቅተኛ የአገልግሎት ዘመን የሚባል ነገር አለ፤ 10 ወይም 15 ዓመት ላልሞላው ሠራተኛ ወርኃዊ አበል የማይሰጡ ዐቅዶች ብዙ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከደመወዟ እየተቆረጠ ስታዋጣ ኖራ፣ በእርጅናዋ በየወሩ የሚደርሳት ምንም የሌላት ሴት እንዲህ ነው የምትፈጠረው።

ሚዛኑ አያዳላ ይሆናል፤ ግማሹ እህል ግን ሚዛኑ ላይ አልወጣም። ቀመሩ የተቀረጸው ከሃያዎቹ ዕድሜው ጀምሮ እስከ ስድሳዎቹ ድረስ ሙሉ ቀን፣ ያለ ማቋረጥ ለሚሠራ ሰው ነው። ያ ሰው እንዲያ መሥራት የቻለው ደግሞ የልጆቹን፣ የበሽተኛውንና የቤቱን ሥራ ሌላ ሰው ስለያዘለት ነው።

የጡረታው ልዩነት የደመወዝ ልዩነት ጥላ ብቻ ነው የሚለውን አባባላቸውን ደግሞ ሁለት ትናንሽ አገሮች ያፈርሱታል። የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ዩሮስታት ለ2019 ባወጣው አኀዝ መሠረት፣ በኅብረቱ ውስጥ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች አበል ከወንዶቹ በአማካይ 29 በመቶ ያንስ ነበር። ትልቁ ልዩነት የሉክሰምበርግ ነው፣ 44 በመቶ። ትንሹ የኢስቶኒያ ነው፣ 2 በመቶ። በዚያው ዓመት የሰዓት ክፍያ ልዩነትን ስናይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሉክሰምበርግ ከ2 በመቶ በታች ሆና ከሁሉም ዝቅተኛውን ስትይዝ፣ ኢስቶኒያ ከ20 በመቶ በላይ ሆና ከከፍተኞቹ መካከል ናት። በኢስቶኒያ የዛሬዎቹ አረጋውያን ሴቶች በሶቪየት ዘመን ሙሉ ቀን ተቀጥረው የሠሩ ናቸው፤ አበሉም ለሁሉም እኩል የሆነ መነሻ አለው፣ የዚያ ዘመን አገልግሎትም የሚቆጠረው በዓመቱ ብዛት ነው። የሉክሰምበርግ እኩዮቻቸው ብዙዎቹ ቤት ነበሩ። ሁለቱም ትውልዶች ሲሠሩ ኖረዋል። የአንዱ ሥራ ተቆጠረ፣ የሌላው ሳይቆጠር ቀረ።

ሁለተኛው ነጥባቸው ምርጫ ነው። የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ስለሚመስለኝ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2024 ባወጣው ግምት፣ በእንክብካቤ ኃላፊነት ምክንያት ከሥራ ገበያ ውጭ የሆኑ ሴቶች 708 ሚሊዮን ናቸው። በዚሁ ምክንያት የቀሩት ወንዶች 40 ሚሊዮን ናቸው። ሕፃንም በሽተኛም ያለው ሁለቱም ጾታዎች በሚኖሩበት ቤት ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ከመቶ «መራጭ» ዘጠና አምስቱ ገደማ ሴት የሚሆኑበትን ነገር ምርጫ ብሎ ለመጥራት ይከብደኛል። ይኸው ድርጅት በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ያለ ክፍያ ከሚሠራው የእንክብካቤ ሥራ ሰዓት 76.2 በመቶውን የሚሠሩት ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል። አንዳንድ ሴቶች በእርግጥ ወደውና ፈቅደው ቤት ይቀራሉ፤ ይህን አልክድም። ጸሐፊው ግን የጥቂቶቹን ፈቃድ ወስደው የሁሉም ማብራሪያ አድርገውታል።

ከዚህ የሚከፋው ግን ጽሑፋቸው ሕግን መዘንጋቱ ነው። ዛሬ በጡረታ ላይ ያሉት ሴቶች ወጣት በነበሩበት ዘመን መሥራት በፈቃዳቸው ብቻ የሚወሰን አልነበረም። አየርላንድ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ሴት ስታገባ ሥራዋን እንድትለቅ የሚያስገድደው ደንብ የተነሣው በ1973 ነው። በፈረንሳይ ባለትዳር ሴት ባሏ ሊከለክላት ሳይችል ሥራ መያዝና በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ መክፈት የቻለችው ከ1965ቱ ሕግ በኋላ ነው። በስፔን የባል ፈቃድ የሚጠይቀው ድንጋጌ የተሻረው በ1975 ሲሆን፣ በምዕራብ ጀርመን ደግሞ እስከ 1977 ድረስ ሚስት ከቤት ውጭ መሥራት የምትችለው ሥራው ከትዳርና ከቤተሰብ ግዴታዋ ጋር እስካልተጋጨ ብቻ ነበር። እነዚህ የጥንት ታሪኮች አይደሉም። በ1973 የ24 ዓመት ወጣት የነበረች አየርላንዳዊት በ2019 ገና 70 ዓመቷ ነው። ስላገባች ከሥራ ያስወጣት መንግሥት፣ በእርጅናዋ የአገልግሎት ዘመኗን ቆጥሮ «ጎደለሽ» ሲላት፣ ጉድለቱን ማን እንደፈጠረው መጠየቅ አለብን።

ተቀጥረው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው የሠሩትስ? የአሜሪካው የ1935 የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ የቤት ሠራተኞችንና የእርሻ ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ ነው የተጀመረው። በቋሚነት የተቀጠሩ የቤት ሠራተኞች የታቀፉት በ1950ው ማሻሻያ ነው። እስከዚያ ድረስ በሰው ቤት ሲያበስሉ፣ ሲያጥቡና ልጅ ሲያሳድጉ የኖሩ ሴቶች፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ጥቁሮች፣ ለዚያ ሁሉ ዓመት አንድም የጡረታ ቀን አልተያዘላቸውም። ዛሬም ነገሩ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። የሥራ ድርጅቱ በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 75.6 ሚሊዮን የቤት ሠራተኞች አሉ፤ ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው፣ ከአምስቱ አራቱ ደግሞ ኢመደበኛ በሆነ ቅጥር የሚሠሩ ናቸው። የቤት ሠራተኞች ከሌላው ሠራተኛ ያላነሰ የማኅበራዊ ዋስትና ሽፋን እንዲያገኙ የሚጠይቀው የድርጅቱ ስምምነት ቁጥር 189 የጸደቀው በ2011 ነበር። ለእነዚህ ሴቶች «ስላላዋጣችሁ ነው» የሚል መልስ መስጠት አይቻልም፤ የሚያዋጡበት በር አልተከፈተላቸውም።

ወደ ዕድሜው ክርክር ልለፍ። በዓለም አማካይ ሴቶች ከወንዶች አምስት ዓመት ያህል ይበልጥ ይኖራሉ፤ ጸሐፊውም ከዚህ ተነሥተው ሴቶች በድምሩ ይበልጥ ይወስዳሉ ብለዋል። ሰው ግን የሚኖረው በወር በሚደርሰው እንጂ በዕድሜ ልክ ድምር አይደለም። በ85 ዓመቷ የዚህን ወር የቤት ኪራይ ያጣች ሴት፣ 90 ዓመት ብትደርስ ድምሩ ከፍ እንደሚል ብትነገር ኪራዩ አይከፈልላትም። ረጅም ዕድሜ ማለት መድኃኒት የሚገዛበት፣ ደጋፊ የሚያስፈልግበት ረጅም ዘመን ማለት ነው። አበሉ ከዋጋ ንረት ጋር ካልተስተካከለማ ረጅም ዕድሜ ራሱ ያደኸያል፤ በዓመት 5 በመቶ ብቻ ግሽበት ቢኖር፣ ዛሬ 100 የነበረ አበል ከ20 ዓመት በኋላ የሚገዛው 38 ያህሉን ብቻ ነው። ይህ ጉዳት በአብዛኛው የሚያርፈው እስከዚያ በሚደርሱት በሴቶቹ ላይ ነው።

ፍርድ ቤቶችም ይህን ክርክር ሰምተው ውድቅ አድርገውታል። የሎስ አንጀለስ ከተማ የውኃና ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት፣ ሴቶች ብዙ ይኖራሉ በሚል፣ ሴት ሠራተኞቹን ከወንዶቹ 14.84 በመቶ የበለጠ የጡረታ መዋጮ ያስከፍል ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 ይህ ሕገ ወጥ ነው አለ፤ ሕጉ የሚጠብቀው እያንዳንዷን ሠራተኛ እንጂ የቡድን አማካይን አይደለምና። በ1983 ደግሞ እኩል አዋጥተው ለሴቶች አነስተኛ ወርኃዊ አበል መስጠትም እንደማይቻል ወሰነ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2011 የኢንሹራንስ ዋጋና ጥቅም በጾታ እንዳይለይ ሲወስን የተከተለው መንገድም ተመሳሳይ ነው። በሌላ በኩል ቺሊ በ1981 ጡረታዋን ወደ ግል ሒሳብ ስታዞር የሴትና የወንድ የዕድሜ ሠንጠረዥ ለየብቻ ሆነ፤ እኩል ያጠራቀመች ሴት በወር ያነሰ ታገኝ ጀመር። በ2025 የወጣው የማሻሻያ ሕግ ይህን ልዩነት የሚያካክስ ክፍያ አስገብቷል። ሀብታም ወንዶችም ከድሃ ወንዶች ይበልጥ ዓመት ይኖራሉ፤ በዚያ ምክንያት የሀብታሞቹ ወርኃዊ አበል ይቀነስ ሲባል ግን አልሰማሁም፣ ጸሐፊውም አላሉም።

አራተኛው ነጥብ፣ ቤተሰብ አንድ ኪስ ነው የሚለው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው። ደግ ስለሚመስል ብዙዎች ሳይመረምሩት ያልፋሉ።

ትዳር ሲፈርስ ምን እንደሚሆን እንይ። በአሜሪካ የተፈታች ሴት በቀድሞ ባሏ መዝገብ አበል እንድታገኝ የተፈቀደው በ1965 ነው፤ ያኔ ቢያንስ 20 ዓመት በትዳር መቆየት ነበረባት። በ1977 ወደ 10 ዓመት ዝቅ አለ። ስለዚህ ዛሬም ዘጠኝ ዓመት ከአሥራ አንድ ወር በትዳር የኖረች ሴት በዚያ መዝገብ ላይ መብት የላትም። ትዳር ሳይፈርስም ኪሱ አንድ እንዳልነበር የሚያሳይ ሌላ ነገር አለ። በዚያው አገር እስከ 1984 ድረስ በግል ድርጅት ዐቅድ የታቀፈ ባል፣ በሕይወት እያለ በወር ከፍ ያለ አበል ለማግኘት ሲል፣ ከሞተ በኋላ ለሚስቱ የሚተላለፈውን ድርሻ ሳያማክራት መተው ይችል ነበር። ሚስቲቱ አበሉ ከባሏ ጋር መቋረጡን የምታውቀው ከቀብር በኋላ ነው። የ1984ቱ ሕግ የሚስትን የጽሑፍ ፈቃድ ግዴታ ያደረገው ለዚህ ነበር። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች አንድ ኪስ የሚባለውን ነገር አላመኑበትም፤ ሊያምኑበትም አይገባም ነበር።

የተተኪ አበልስ ቢኖር? በብዙ ዐቅዶች የሟቹን ግማሽ ወይም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ሰው ሲሞት የቤት ኪራይ፣ መብራትና ውኃ በግማሽ አይቀንስም። ብዙ ጊዜ ሚስት በዕድሜ ታንሳለች፣ ባሏንም እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እሷ ናት፤ የቤቱ ጥሪት በሕክምና ካለቀ በኋላ ለእሷ የሚተርፈው ይህ ቁራጭ ነው። እንደገና ካገባች የሚቋረጥባቸው ዐቅዶችም አሉ። ያላገቡት፣ የተተዉት፣ ወላጅ ሲጦሩ ዕድሜያቸው ያለፈው ደግሞ በጸሐፊው ሥዕል ውስጥ ጨርሶ የሉም። በአንድ ሰው መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ጡረታ ዋስትና አይባልም። በ68 ዓመቷ ከሚደበድባት ባል ለመለየት የምታስብ ሴት መጀመሪያ የምታሰላው ምን በልቼ አድራለሁ የሚለውን ነው፤ አማራጭ ካጣች ትቀራለች።

ቤተሰብ በእርግጥ አንድ ኪስ ከሆነ መፍትሔው አለ፣ ተሞክሯልም። ምዕራብ ጀርመን በ1977 ሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ በፍቺ ጊዜ በትዳር ዘመን የተጠራቀመው የጡረታ መብት እንዲካፈል አደረገ። ካናዳ በ1978 በተመሳሳይ መንገድ ሄደች። ስዊዘርላንድ ከ1997 ጀምሮ ባልና ሚስት በትዳር ዘመን ያገኙትን ገቢ ደምራ ለሁለት ከፍላ በየግል ሒሳባቸው ትመዘግባለች፤ ልጅ ለማሳደግም ነጥብ ትሰጣለች። ከማውቃቸው ማስተካከያዎች ሁሉ ለእኔ ፍትሐዊው ይህ ነው። የትዳር ዓመታት የሁለቱም ናቸው ከተባለ፣ በሁለቱም ስም ይጻፉ።

የጡረታ መውጫ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም እኩል ይሁን በሚለው ላይ ግን እስማማለሁ። እኩልነት የሚጠይቅ ሰው ሴቶች ቀደም ብለው ጡረታ እንዲወጡ መሟገት አይገባውም፤ ቀድሞ መውጣት ራሱ የአገልግሎት ዘመንን ያሳጥራል፣ አበልን ያሳንሳል። የማልስማማው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። ብሪታንያ የሴቶቹን ዕድሜ ከ60 ወደ 65 ከፍ ለማድረግ በ1995 ሕግ አወጣች፤ በ2011 ደግሞ ጊዜውን አፋጠነችው። ለሚመለከታቸው ሴቶች በየስማቸው ደብዳቤ መላክ የተጀመረው ግን በ2009 ነው። በ1950ዎቹ የተወለዱ ብዙ ሴቶች ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው፣ አንዳንዶቹም ሥራ ለቀው፣ ነው ዜናውን የሰሙት። የአገሪቱ የፓርላማ እንባ ጠባቂ በ2024 የአስተዳደር በደል መፈጸሙን አረጋግጦ ካሳ እንዲከፈል አሳሰበ፤ መንግሥት በዚያው ዓመት መጨረሻ ለመዘግየቱ ይቅርታ ጠይቆ ካሳውን ግን አልከፍልም አለ። ዕድሜን እኩል ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሕይወቱን አስልቶ ከጨረሰ በኋላ ስሌቱን መለወጥ ግን በደል ነው።

ጊዜ ያስተካክለዋል ለሚለው ብዙ አልልም። የተማሩና የተቀጠሩ ሴቶች ቁጥር መጨመሩ ልዩነቱን በከፊል ያጠብበዋል። ነገር ግን ኔዘርላንድስ ውስጥ ዛሬም ከተቀጠሩት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሠሩት በከፊል ቀን ነው፤ የነገ ጡረታቸውም በዚያው ልክ ነው የሚሆነው። አሁን 75 ዓመቷ የሆነች ሴት ደግሞ ጊዜ የላትም።

ሴቶች ስለ ቁጠባ ይማሩ የሚለውን ምክራቸውን አልጠላሁትም፤ የሚቆጠብ ገንዘብ ያላት ሴት ትማር። ችግሩ በሚቀርባት ጊዜ ላይ ነው። ከግሽበት በላይ 4 በመቶ በሚያስገኝ ሒሳብ፣ በ28 ዓመት ዕድሜ የተቀመጠ 100 በ65 ዓመት 427 ይሆናል፤ በ55 ዓመት የተቀመጠው 100 ግን 148 ብቻ። ሴቶች ከሥራ የሚወጡት ትልቅ ወለድ በሚያፈሩት በእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። የገንዘብ ትምህርት ይህን አይመልስም።

የመጨረሻው ነጥባቸው ወጪው ነው፤ እንክብካቤን እንደ አገልግሎት መቁጠር ፈንዱን ያራቁታል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረምም አይቻልም ብለዋል። ወጪው ግን ዛሬም እየተከፈለ ነው፤ ከፋዩዋ ሴቲቱ ስለሆነች በመዝገብ ላይ አይታይም እንጂ። አንዳንድ አገሮች ከመዋጮ ጋር ጨርሶ ሳያያይዙ፣ ከግብር በሚገኝ ገንዘብ ነው መነሻውን ያቆሙት። በኒውዚላንድ መሠረታዊውን ጡረታ ለማግኘት የሚታየው ዕድሜና በአገሪቱ የተኖረበት ዘመን ነው፤ ድርጅት ሲመራ የኖረውም ልጅ ስታሳድግ የኖረችውም በአንድ ተመን ያገኛሉ። በዚያው አገር በደመወዝ ላይ በተመሠረተው የቁጠባ ዐቅድ ውስጥ ግን ወንዶች ይበልጥ አጠራቅመው ይገኛሉ። ሕዝቡ አንድ ነው፤ ደንቡ ሲለያይ ውጤቱ ተለያየ። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከግብር የሚከፈለው የአረጋውያን ድጎማ ለጥቁሮች ከተስፋፋ በኋላ፣ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዋ ኤስተር ዱፍሎ በ2003 ባሳተመችው ጥናት ሴት አያቶች ድጎማውን ባገኙባቸው ቤቶች የሴት ሕፃናት ክብደትና ቁመት መሻሻሉን አሳይታለች፤ ወንድ አያቶች ባገኙበት ግን ተመሳሳይ ለውጥ አልታየም። ይህ ገንዘብ ባክኖ አልቀረም።

ወደ ኋላ ማረም አይቻልም ለሚለው የጀርመንን ጉዳይ ላንሣ። የዛሬን ጡረተኛ የሚጦረው የዛሬ ሠራተኛ መዋጮ በሆነበት ሥርዓት፣ መዋጮ ከፋዮቹን ወልዶ ማሳደግ ራሱ ለሥርዓቱ የተደረገ አስተዋጽኦ ነው። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ1992 ልጅ ያሳደጉ ሰዎች በጡረታ የሚደርስባቸውን ጉዳት ሕግ አውጪው ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ወሰነ። ከ1992 ጀምሮ ለተወለደ ልጅ ሦስት ዓመት እንደ አገልግሎት ይቆጠር ጀመር፤ ቀደም ብለው ለወለዱት ግን አንድ ዓመት ብቻ ነበር። በ2014 ለእነሱም ሁለት ሆነ፣ በ2019 ሁለት ዓመት ተኩል። አየርላንድም በ2018 ልጅ ወይም በሽተኛ በመንከባከብ ያለፈ ጊዜ እስከ 20 ዓመት እንዲቆጠር ስታደርግ፣ ከሴፕቴምበር 2012 ወዲህ የጡረታ ዕድሜያቸው የደረሰውን ሁሉ ጨምራ አበላቸውን እንደገና አሰላች። በጀርመን በ2014 አስቀድመው ጡረታ ላይ የነበሩ እናቶች አብዛኞቹ ማመልከቻ እንኳ ማስገባት አላስፈለጋቸውም፤ የልጆቻቸው መዝገብ ቀድሞውንም በመሥሪያ ቤቱ ስለነበር ጭማሪው በቀጥታ ወርኃዊ አበላቸው ላይ ገባላቸው።